ሲንቄ የወጣበት ቀን

ጭላሎ ተራራ ከተቀመጠበት ተነስቶ በእግሩ አዳማ ሲወርድ ካያችሁ፣ ያን ቀን «ፀዲ ዋሽታለች» በሉ። እስከዚያው ግን የምነግራችሁ ሁሉ ከእውነትም እውነት ነው፤ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት፣ በእጄ የሠራሁት። አሰላ ውስጥ ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ ያልሰማ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው። በሰርግ ተናግሬዋለሁ፣ በለቅሶ ተናግሬዋለሁ። አንዴም ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጀምሬው፣ ሾፌሩ መጨረሻውን ልስማ ብሎ ከመውረጃዬ አሳልፎኛል።

የወተት ጥርሶቼ ገና ወድቀው አላለቁም ነበር። ቤታችን ከብቅል ፋብሪካው ከፍ ብሎ ነው፤ ግቢው አውሮፕላን ያሳርፋል። እሺ፣ አውሮፕላን ባያሳርፍ ጋሪ ከነፈረሱ ያዞራል። አባቴ የኋላሸት የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። አባዬ ሲያስል መንገድ ላይ ያሉ የጋሪ ፈረሶች ቀጥ ይሉ ነበር። በገበያ ሲያልፍ ሰው ባርኔጣውን ያወልቅለታል፤ ቤት ሲገባ ድመቷ እንኳ ከምድጃው ጥግ ተነስታ ቦታ ትለቃለች። እንደ እሱ የተከበረ ሰው አሰላ አላየችም። እናቴ ሙሉዬ ደግሞ ዝምተኛ ናት። የእኔ ምላስ ከማን እንደመጣ ዘመዶቻችንን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ቱሳና ሸጊቱ ሰርቪሷን ክፍል ተከራይተው የመጡት ክረምቱ ሲገባ ነው። ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ የግቢውን ባሕር ዛፍ እስከ ወገቡ ውጦት ነበር። መጀመሪያ በበሩ የገባው ትከሻ ነው፤ ከትከሻው ኋላ ቱሳ መጣ። የኮምባይነር መካኒክ ነው። እጆቹ እስከ ክርናቸው በግሪስ ጠቁረዋል፤ መዳፉ የእኔን ጭንቅላት እንደ ሎሚ የሚጨብጥ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ድምፁ ከመሬት ሥር የወጣ መሰለኝ። ሙሽራዋ ሸጊቱ ከኋላው ተከተለች፤ ከጎበሳ ወዲያ ካለ ገጠር ነው ያመጣት። ቀጭን፣ አንገቷን የደፋች፣ እግሯ በጭቃ የተለወሰ። በአንድ እጇ በዛጎል ያጌጠ የወተት ዕቃ፣ በሌላው ዱላ ይዛለች። ቀጥ ያለ፣ ቅቤ ጠጥቶ የሚያብለጨልጭ ዱላ።

«እማዬ፣ ዱላው ለምንድን ነው?» አልኩ ቀሚሷን ጨብጬ።

«የሙሽራ ነው» አለችኝ። «ሲያገቡ ይዘውት ነው የሚመጡት።»

በቃ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሙሽራ የምትመታበትን ዱላ ራሷ ተሸክማ ትመጣለች ማለት ነው። ለዚያ ሰውዬ፣ ለዚያ መዳፍ! ያን ማታ እራቴን አልቀመስኩም። መቅመሱንስ ቀምሻለሁ፣ ግን እየተንቀጠቀጥኩ ነው።

ዛሬ ይህን ስናገር የአሰላ ሕፃን ይስቅብኛል። ሲንቄ ነው የሚባለው። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምታስይዛት የሴትነት ክብሯ ነው፤ ማንንም አይመቱበትም። ሴት የተመታች እንደሆነ ሲንቄ ተይዞ፣ እየተጮኸ ከቤት ይወጣል። ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ ጥለው፣ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይከተላሉ። ጥፋተኛው ወጥቶ አንገቱን ካልደፋ፣ በግ ካላረደ አንዲቷም ቤቷ አትመለስም። ይህን ግን ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ! የእኛ ቤት ሰዎች ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ ከመጡ ጀምሮ አርሲ ላይ ኖረው፣ የጎረቤታቸውን ዱላ «ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ከሰርቪሷ የሚሰማው ሳቅ ነበር። ቱሳ ውሃ ከቦኖ ራሱ ይቀዳላታል። የሰፈሩ ጎረምሶች «ሙሽሪት! ጀሪካኑ አልከበደሽም?» እያሉ ሲያሾፉበት ጆሮው እየቀላ ያልፋል። እሷ ደግሞ ገና መምጣቱን ስትሰማ በሩን ትከፍትና መልሳ ትዘጋበታለች፤ እሱ ከነጀሪካኑ ውጭ ቆሞ ሲለምናት ከውስጥ ትስቃለች። ለእኔ ጭኮ ትሰጠኛለች። በቅቤ የራሰ፣ ጣት የሚያስቆረጥም የገብስ ጭኮ። በአርሲ ምድር ከእኔ በላይ ጭኮ የበላ ልጅ የለም።

እኔ ግን አልተሸነገልኩም። በግም ከመታረዱ በፊት በደንብ ይቀለባል።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ።

የእኛ ጓዳና የእነሱ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ጭቃ ግድግዳ፣ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ። አመሻሽ ላይ የአባዬ ጫማ ደጁ ላይ ሲሰማ፣ እማዬ «ፀዲዬ፣ ነይ ጓዳ ግቢ» ትለኛለች። ታስገባኝና ከውጭ ትቆልፋለች። ለምን እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም፤ ለእኔ ግን ገብቶኛል። እማዬ የቱሳ ቁጣ ሊነሳ ሲል አስቀድሞ ይሸታት ነበር። እንደ እሷ ያለ አፍንጫ አልተፈጠረም።

ጓዳው፣ መዳፍ የምታህል ጠባብ መስኮት ብትኖረውም፣ ጨለማ ነው። ሽንኩርት፣ ላምባና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ጥግ ላይ የታቀፈች ዶሮ ነበረችን፤ እሷም እንደ እኔ ትንፋሿን ትውጣለች። መጀመሪያ ወንበር ሲንሸራተት ይሰማል። ቀጥሎ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ። ቀጥሎ አንድ ነገር ይወድቃል። ከዚያ ሴት፤ እንዳይሰማባት የምትጥር ሴት፣ ጩኸቷን ከጥርሷ ኋላ የምታስቀር። ጆሮዬን ጋዜጣው ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ግድግዳው ልቤን ይምታ፣ ልቤ ግድግዳውን፣ አይለይም። «ድምፁ ከየት በኩል ነበር?» እንዳትሉኝ። ጨለማ ውስጥ ድምፅ ከሁሉም በኩል ነው የሚመጣው። ዱላው ያለው እነሱ ቤት ነው፤ ስለዚህ ድምፁም የእነሱ ነው። ዳኛም ከዚህ የተሻለ አይፈርድም።

በየጠዋቱ በሩ ገርበብ ሲል አንገቴን አስግጌ ዱላው ላይ ደም እፈልጋለሁ። የለም። አጥቦታል ማለት ነው። በቅቤ የሚታሸውም ለዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ደም እንዳይዝ።

በዚያ ላይ እማዬን ያን ክረምት የጥርስ ሕመም ያዛት። አንዱ ጉንጯ ሳይጎድል ሌላው ያብጣል፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ትውላለች። ሸጊቱ ሞቅ ያለ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ጉንጯ ላይ ትይዝላታለች። ብዙ አይነጋገሩም፤ የአንዷ አማርኛ የሌላዋም ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም። አንድ ቀን ሸጊቱ የእማዬን እጅ ይዛ እንባዋ ሲወርድ አየሁ። ምስኪን! የራሷ ሥቃይ አንሷት የሰው ጥርስ ታስታምማለች።

አንድ አመሻሽ ላይ ጓዳ ውስጥ ሆኜ፣ ድምፁ ገና ጸጥ እንዳለ፣ ከጋዜጣው ጠርዝ ሥር ጭቃው የተፈረፈረበት ስንጥቅ አገኘሁ። ዓይኔን ለጠፍኩ። የላምባ ብርሃን። ቱሳ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ፣ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ መውጫውን ዘግቷል። ሸጊቱ ዱላውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊቱ ቆማለች። «ነጠቀችው!» አልኩ በልቤ።

«ጨል ጄዺ!» አላት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። የቀረውን ኦሮምኛ ግማሹን ብቻ ነው የያዝኩት። «አፍሽን ከከፈትሽ አለቀልን። በዚህ ክረምት የት ልንገባ ነው? የሰው ቤት ነው፣ ሸጊቱ! የሰው ቤት!»

«እናቴ ታዲያ ይህን ለምን ሰጠችኝ?» አለች። «ግድግዳ ላስጌጥበት?»

እሱ ክንዱን አላጠፈም። በሩንም አልለቀቀም። እኔ ወደ ኋላ ስሸሽ ዶሮዋ ላይ ልቀመጥባት ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ሸጊቱ ልብሷን ቋጠረች። ጭጋጉ ውስጥ፣ የግቢው በር ላይ፣ ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ የጎበሳ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ታያለች። «ሂጂ!» አልኩ ከመስኮቱ ሆኜ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ። «ሩጪ!» ቱሳ መጣ። ጭቃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው እንደ ሕፃን ጉልበቱን አቅፎ። ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። በመጨረሻ ጥቅሏን አንስቶ ወደ ሰርቪሷ ሄደ፤ እሷም ተከተለችው። እጁን ይዛ ነበር። አመለጠች ስል ተያዘች።

ከዚያን ቀን በኋላ እንደሚገድላት እርግጠኛ ሆንኩ። የማላውቀው መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ እንደ ኮምባይነሩ ግሪስ ጠቁሮ በረዶ ጣለ። ድንች የሚያህል በረዶ! አንዱ የጎረቤታችንን በሬ አናቱን ብሎ ጥሎታል። ወይፈን ነው። እሺ፣ ጫጩት ናት፤ ግን ሞታለች። አባዬ ያን ቀን ከመጋዘን ቀደም ብሎ ገባ። እማዬም አፍንጫዋ አልሳታትም፤ ጓዳ አስገብታኝ ቁልፉን አዞረች።

በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል። በመሃሉ ያ ድምፅ መጣ። ያን ቀን አልተዋጠም። ወጣ። ከጣሪያውም ከበረዶውም በላይ ወጣና በድንገት ተቆረጠ። የተቆረጠው ነው ያስፈራኝ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ስሙ። የጓዳውን በር በትከሻዬ ገነጠልኩት። መዝጊያው ከነማጠፊያው ወደቀ። እንደ ነብር ግልገል ዘልዬ ሰርቪሷ ደረስኩ። ቱሳ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በእግሮቹ መሃል ሾለክሁ። ዱላውን ከግድግዳው መንጭቄ ወደ በረዶው ወጣሁ። «ኡኡ!» አልኩ። ጩኸቴ ኢተያ ድረስ ተሰምቷል፤ የሰማ ሰው አግኝቼ አነጋግሬአለሁ። ከዚያ ዱላውን ሸጊቱ እጅ ላይ አኖርኩት። ፈርታ ነበራ! የራሷን ሲንቄ ለማውጣት የፈራችውን እኔ አወጣሁላት።

ሴቶቹም መጡ። ከቦኖው፣ ከገበያው መንገድ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ካለው መንደር። በረዶው ሻሻቸው ላይ እየነጠረ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው፣ እያንዳንዷ ቀጭን ዱላዋን ይዛ። እልልታ የሚመስል እልልታ ያልሆነ ነገር ያሰማሉ፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። የምፈራው ቱሳን ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ አበቃ። ሁላችንንም ሊጨርሱን የመጡ መሰለኝ። ከጓዳዋ ጠባብ መስኮት ነው የማያቸው። ጓዳ እንዴት ተመልሼ እንደገባሁ አትጠይቁኝ፤ ጀግናንም ይበርደዋል።

ወደ ሰርቪሷ አልሄዱም። ትልቁን ቤት፣ የእኛን፣ ከበው ቆሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍርድ የሚሰጥ ትልቅ ሰው ያለው እዚያ ነው። እማዬን ከውስጥ አውጥተው መሃላቸው አቆሙና እርጥብ ሣር አስያዟት። የባለቤቱ ሚስት ናትና አከበሯት። ሸጊቱ ከሁሉም ፊት ቆማለች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል፤ ሲንቄዋን እንደ ጦር ሰብቃለች። ቱሳም ከኋላዋ። አልያዘችው፣ አልሸሸ።

ከዚያ አባዬ ወጣ። ኮት አልደረበም፤ ራሱ ባዶ ነው። አንዲት ጥርሷ ያለቀ ባልቴት ሲንቄዋን ከፊቱ አጋደመች። ፈረስ የሚያቆም አባቴ በረዶው ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ደፋ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለተከራዩ እንዴት ቢያፍርለት ነው አልኩ። ደግሞም ለእንቁጣጣሽ ስናደልበው የከረምነውን በግ ራሱ ጎትቶ አወጣላቸው። የተከራዩን ቅጣት ከራሱ በረት የሚከፍል አከራይ የት አለ? እስቲ ንገሩኝ!

ሳምንት ሳይሞላ ቱሳና ሸጊቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወጡ። ሰውየው የጎረቤት ዓይን መቋቋም አቅቶት ነው። ከዚያ ወዲህ እጁን አላነሳባትም፤ ይኸው አርጅተው አብረው ናቸው። የእማዬም ጥርስ በዚያው ተሻላት፤ ብርዱ ሥሩ ድረስ ገብቶ ገደለላት። ያን ትዳር ማን አቆመው? ይህቺ ፀዲ።

ባለፈው ኅዳር ይህንኑ ታሪክ እዚያው ቱሳ ቤት ተናገርኩት። የመጨረሻ ልጃቸውን ለትዳር ለመጠየቅ ከአቦምሳ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ አብዲሳ የሚባሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ቃል የሚመዝኑ ሰው ናቸው። እናቴም ነበረች፤ አባዬ ካረፈ ወዲህ ውሎዋ እዚያ ነው። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል ማን ያሙቀው? ተነሳሁና ቆሜ ተረኩት። በረዶውን ወደ ብርቱካን ከፍ አደረግሁት። በሩን በትከሻዬ እንዴት እንደገነጠልኩ በቁም ሳጥኑ ላይ አሳየሁ። ወጣቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ኦቦ አብዲሳ አልሳቁም። ብርጭቋቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ።

«እኛ የመጣነው የጨዋ ቤት ልጅ ብለን ነው» አሉ። «ሲንቄ የወጣበት ቤት መሆኑን የነገረን የለም። ኦቦ ቱሳ፣ እውነት ነው?»

ሳቁ ተቆረጠ። ከመጋረጃው ወዲያ የልጅቷ ጥላ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ቱሳ ያን ትከሻውን አጥብቦ የእናቴን ፊት አንዴ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መዳፎቹ መለሰ።

«የድሮ ነገር ነው» አለ።

«የድሮውን አልጠየቅሁም። እውነት መሆኑን ነው የጠየቅሁት።»

ጋሽ ቱሳ ከመዳፎቹ ቀና አላለም። ኦቦ አብዲሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ እናቴ እጇን ዘረጋች።

«ይቀመጡ፣ ኦቦ አብዲሳ» አለች።

«እትዬ ሙሉዬ፣ ይተዉት አቦ» አለች ሸጊቱ ፈጥና። «ይህን ያህል ዘመን ችለነዋል።»

«ቻላችሁልኝ። ይበቃል።» እናቴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለመስማት ሁሉም ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ቱሳ ሰው መትቶ አያውቅም። ስመታ የኖርኩት እኔ ነኝ። የሚመታኝም ባሌ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ይህቺ ገና ጫጉላዋን ያልጨረሰች ልጅ ሲንቄዋን ለእኔ ይዛ ወጣች። ሴቶቹ ‹የእኛ ሴት አይደለችም› ቢሏት፣ ‹ሴት ናት› አለች። ቱሳ ቤት እንዳያጡ ፈርቶ ሲከለክላት ከርሞ፣ ያን ቀን ግን በሩን ራሱ ከፈተላት። ቤቱንም አጡ። እውነቱ ይኸው ነው። አሁን ልጅቷን ጠይቁ።»

እኔ ገና ቆሜ ነው፤ ትከሻዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ በሩን ገንጥዬ…»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ልጅ ሳለሁ ታየኝ እንደነበረው ነው ያየችኝ።

«አንቺ ጓዳ ነበርሽ፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ሸጊቱ መጥታ ስትከፍትልሽ፣ ጆሮሽን በሁለት እጅሽ ደፍነሽ ነበር። አንወርድም ያሉትን እጆችሽን እኔ ነኝ ያላቀቅኋቸው።»